ባትሪው ሳይሞት

እ.ኤ.አ. በ1999 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረቡት የፖኬሞን ጎልድና ሲልቨር ካርትሪጆች ብዙዎቹ ዛሬም ጨዋታውን ያስጀምራሉ፤ ተጫዋቹ የት እንደደረሰ ግን አያስታውሱም። ጨዋታው ራሱ ያረፈው ኃይል በማይፈልግ ቺፕ ላይ ነው። ሴቩ፣ ማለትም ተጫዋቹ የደረሰበት መዝገብ፣ የሚቀመጠው ግን ኤስራም በሚባል ማስታወሻ ውስጥ ሲሆን፣ ይህ ማስታወሻ ኃይል ከተቋረጠበት የያዘውን ሁሉ ይለቃል። ካርትሪጁ የሚገባበት ማሽን፣ ጌም ቦዩ፣ ሲጠፋ ኃይሉን የምትሰጠው እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ባለ 3 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ናት። ጎልድና ሲልቨር ላይ ደግሞ የጨዋታውን ሰዓትም የምታንቀሳቅሰው እሷው ስለሆነች፣ ሰዓት ከሌላቸው ከ1996ቱ የፖኬሞን ታላላቆቻቸው ይልቅ ብዙውን ጊዜ ባትሪያቸው ቀድሞ ይደክማል። ስለዚህ ባትሪዋ መቀየር ያለባት ገና እየሠራች ሳለ ነው እላለሁ፤ ከዚያም በፊት ሴቩ በካርትሪጅ ማንበቢያ ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ።

«የሚሠራ ነገር አይነካም» የሚሉ ሰብሳቢዎች አሉ። ቴስተሩ 2.9 ቮልት ካነበበ ምን አስቸኮለን ይላሉ። የሊቲየም ባትሪ ግን አብዛኛውን ዕድሜውን ቮልቴጁ ሳይወርድ ይገፋና መጨረሻው ላይ ባንዴ ያሽቆለቁላል፤ ዛሬ ደህና ማንበቡ ስለ ከርሞ የሚነግረን ነገር የለም። ሌሎች ደግሞ ጌም ቦዩ እንደበራ ባትሪውን ይቀይራሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ማሽኑ ሲበራ ኤስራሙን የሚመግበው ራሱ ማሽኑ ነውና። ነገር ግን የመበየጃው ጫፍ አንድ ጊዜ ካዳለጠ፣ ወይም ካርትሪጁ ከማስገቢያው ለቅጽበት ከተንቀሳቀሰ ሴቩ የለም። ቅጂ ያለው ሰው በዚህ መንገድ ጀግንነቱን ማሳየት አያስፈልገውም፤ ማሽኑን አጥፍቶ ተረጋግቶ ይቀይርና ሴቩን መልሶ ይጭናል።

ሥራው ራሱ ረጅም አይደለም፣ የሚበላሽባቸው ቦታዎች ግን አሉ። የድሮው ባትሪ እግሮች ስታኞው በደንብ ሳይቀልጥ በጉልበት ከተነሡ፣ ከሥራቸው ያለው ስስ መዳብ አብሮ ይላጣል። አዲሱን ባትሪ በናስትሮ አጣብቆ መሄድ ደግሞ (ይህ ጥገና ከተባለ) ካርትሪጁ ሲነቀነቅ ግንኙነቱን ያላቅቃል። ባትሪው ገጽ ላይ በቀጥታ ሲበየድም ሙቀቱ ማሸጊያውን ይጎዳዋል። ከፋብሪካ እግር የተበየደለትን መግዛት ይሻላል፤ ለጎልድ የሚሆነው ሲአር2025 ነው። ባትሪ የማይፈልገው ኤፍራም የሚባል ማስታወሻ በኤስራሙ ቦታ ለምን አይተካም ለሚሉኝ፣ ሰዓት በሌላቸው ካርትሪጆች ላይ አልቃወምም። ጎልድ ላይ ግን ሴቩ ቢተርፍ እንኳ ሰዓቱ ያለ ባትሪ ይቆማል።