ስለ ስግድ የሚወራውና የሚነበበው

የሔሽቫን ወር በገባ ቁጥር በነታንያ ሰፈሮቻችን፣ በሔፍጺባም ሆነ በሌላው፣ ሁለት ነገር አብሮ ይጀመራል። አንደኛው ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደሚነሣ መጠያየቅ ሲሆን ሁለተኛው ክርክር ነው። ስለ አውቶቡሱ የምንለው የለንም፤ ሁልጊዜም ዘግይቶ ነው የሚነሣው። ስለ ክርክሩ ግን ዝም ማለት አልሆነልንም።

ባለፈው ዓመት በበዓሉ ዋዜማ ሽማግሌዎች ተሰብስበን ሳለን፣ የውትድርና አገልግሎቱን የጨረሰ አንድ ልጅ ስልኩን አውጥቶ፣ «አባባ፣ ስግድ ከክርስቲያኖች የተወሰደ በዓል ነው ይላል፤ በጥናት ተረጋግጧል ይላል» ብሎ አነበበልን። ማን እንደ ጻፈው ብንጠይቀው አያውቅም። ይህን የሰሙ አንድ የዕድሜ እኩያችን ተቈጥተው፣ «ስግድን ዕዝራ ራሱ በዚሁ ቀን ሠራው፤ ከዚያ ወዲህ አንዲት ቃል አልተለወጠም፤ ሐኑካንም በአገራችን እናከብር ነበር» አሉ። ጭብጨባም ሆነ። የልጁም የሽማግሌውም ነገር ስሕተት ነበረበት፤ ነገር ግን በዚያች ሌሊት ይህን የተናገረ ሰው አልነበረም፤ እኛም ጭምር።

ከልጁ እንጀምር። «በጥናት ተረጋግጧል» የሚለው ከየት መጣ? እኛ እስከምናውቀው፣ ወሬው የሚጠጋበት መጽሐፍ ኬይ ሸለሜይ የተባሉት አሜሪካዊት የዜማ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ያሳተሙት ነው። ሴትዮዋ በ1973 አምቦበር ድረስ ሄደው የቄሶቻችንን ጸሎት ቀድተዋል። የደረሱበትም ሐሳብ፣ የጸሎታችን ሥርዓት በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን በኢትዮጵያ ከነበረው የመነኮሳት ሥርዓት ጋር የቅርብ ዝምድና አለው የሚል ነው። ይህ ለጆሮአችን መራራ ነው፤ በብዙ ነጥቦቹም አንስማማም። ቢሆንም አባቶቻችን ራሳቸው ብዙውን ጸሎት ያደራጁልን አባ ሰብራ የሚባሉ መነኩሴ ናቸው ሲሉ አይደለም የኖሩት? በአንድ አገር፣ በአንድ የግእዝ ቋንቋ የጸለየ ሁለት ሕዝብ ቃልና ዜማ ይጋራል። ራምባም «ሞሬ ኔቡኪም» የተባለውን መጽሐፋቸውን የጻፉት በዓረብኛ ነው፤ በዚህ ምክንያት እስላም ናቸው ያለ ራቢ አልሰማንም። መጽሐፉ ስለ ዜማና ስለ ሥርዓት የተናገረውን፣ ያላነበበው ሰው «በዓሉ የክርስቲያን ነው» አደረገው።

ሌላው ማስረጃቸው ስሙ ነው። «ስግደት የቤተ ክርስቲያን ቃል ነው» ይላሉ። እኛ በልጅነታችን በቄሶች ደጅ እንደ ተማርነው፣ ሰገደ ማለት ጐንበስ ብሎ አምላክን ማክበር ነው። የጸሎት ቤታችንንም በአገራችን መስጊድ እንለው ነበር፤ እንግዲያውስ በስም ከሄድን እስላሞችም ነን ማለት ነው! ቃሉ በኢሳይያስ ምዕራፍ 44 በዕብራይስጡ፣ በዳንኤል ምዕራፍ 3 ደግሞ በአራማይስጡ አለ። እውነቱን ለመናገር በሁለቱም ስፍራ የሚናገረው ለጣዖት ስለ መስገድ ነው፤ ይህን ያገኘ ተከራካሪ ደስ ይለው ይሆናል። እኛ ግን የምናሳየው የቃሉን ዕድሜ ነው።

ወደ ራሳችን ወገን ስንመለስ ብዕራችን ይከብዳል። «ዕዝራ በዚሁ ቀን ሠራው» የሚሉት ወገኖቻችን ነህምያን ቢገልጡ፣ ሕዝቡ ጾሞ፣ ትቢያ ነስንሶ፣ ኃጢአቱን ተናዞ የሰገደው በሰባተኛው ወር በ24ኛው ቀን ነው። የእኛ ስግድ በስምንተኛው ወር በ29ኛው ቀን ነው። ቄሶች ይህን ምዕራፍ በተራራው ላይ የሚያነቡት ከስደት ተመልሶ ቃል ኪዳንን ማደስ የበዓሉ ልብ ስለ ሆነ ነው። ቀኑ የሚገኘው ከአስተሥርዮ ነው፤ አስተሥርዮን ራሱን ጨምሮ ሲቆጠር 50ኛው ቀን ይሆናል። ሐኑካን ደግሞ አናውቅም ነበር። የአስቴርን ጾም ግን እንጾም ነበር። የጾምነውን ትተን ባላበራነው ሻማ ለምን እንመካለን? ልጆቻችን አንዱን ሐሰት ያገኙ ቀን እውነተኛውንም አብረው ይጥሉታል።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ካለ እ.ኤ.አ. የ1985ን ዓመት ያስታውስ። ያን ጊዜ ራባኑት አይሁድነታችንን በመጠራጠር ለጋብቻ ጥምቀት ጠይቆን፣ በኢየሩሳሌም በራባኑቱ ፊት ለፊት አንድ ወር ያህል ሜዳ ላይ ተቀምጠናል። ራቢ ኦቫድያ ዮሴፍ በ1973 ቤተ እስራኤል ከዳን ነገድ ናቸው ብለው ፈርደው ሳለ ነው ይህ ሁሉ የሆነው። መፍትሔ ከተገኘባቸው ስፍራዎች አንዷ ይህችው ከተማችን ነበረች። የነታንያ ዋና ራቢ የነበሩት ራቢ ዳዊት ሽሉሽ ያለ ጥምቀት ጋብቻ ይመዘግቡልን ነበር፤ ከ1989 ጀምሮም ከመላው አገር የመጡ ሙሽሮች በእርሳቸው ዘንድ ተመዝግበዋል። እኒህ ሰው ስለ እኛ የተጻፈውን የቀደሙ ራቢዎች ፍርድ መርምረው ራሳቸውም መጽሐፍ ጽፈዋል። ከወሬ ይልቅ መጽሐፍ ያገላበጠ አንድ ሰው ስንቱን ትዳር እንዳቆመ ያገቡት ያውቁታል።

ክነሴት በ2008 ስግድን በሕግ የመንግሥት በዓል ካደረገው ወዲህ ደግሞ ሌላ ወሬ መጥቷል፤ በየትምህርት ቤቱ «የኢትዮጵያውያን አዲስ ዓመት» ሲባል እንሰማለን። ሕጉ ቀኑን ሰጠን እንጂ ትርጉሙን አላስተማረልንም፤ ያ የእኛ ሥራ ነበር።

በማግሥቱ አውቶቡሱ እንደ ልማዱ ዘግይቶ ሲነሣ ያ ልጅ ከጐናችን ተቀመጠ። ማታ ያልነገርነውን ኢየሩሳሌም እስክንደርስ ነገርነው። «የትኛው ምዕራፍ ነው ያሉኝ?» አለን። በወረቀት ነህምያ 9 ብለን ጻፍንለት፤ ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ላከው። ለማን እንደ ላከው አልጠየቅነውም።