ደበሎና ጠባይ

ልብስ ገላን ከመሸፈን አልፎ ጠባይን ይቀርጻል። በቢቸናና በሞጣ አካባቢ በኖረው የቅኔ ጉባኤ ሥርዓት፣ የባላባቱም የድኻውም ልጅ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ትሕትናን ይማራል፤ ዘር መቁጠርም በደበሎው ሥር ይቀራል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የዲማውን ተማሪ በዛብህን ከፊታውራሪ መሸሻ የዘር ትዕቢት ጋር ማጋጠማቸው ስለዚህ በከንቱ አይደለም።

ወጋየሁ ንጋቱ ድርሰቱን በሬዲዮ ሲተርከው ደበሎ ለአድማጭ አልታየም፤ የለባሹ ጠባይ ግን በድምፁ ተሰማ። በአንጻሩ ደበሎ ደርቦ መድረክ የሚወጣ ተዋናይ፣ ልብሱ ያስተማረውን ጠባይ ካላጠና፣ ተመልካችን ከማሳቅ አያልፍም። እንዲህ ያለው ሣቅ ደግሞ የሚያዋርደው ልብሱን ሳይሆን ለባሹን ነው።