ማዘርቦርድን ለዊንዶውስ 11 ማዘጋጀት፦ የቅደም ተከተል ሙያ

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 2021 ዊንዶውስ 11ን ሲለቅ ካስቀመጣቸው ቅድመ ሁኔታዎች መካከል 4 ጊጋባይት ራም እና 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታ ብዙም አላነጋገሩም፤ የኮምፒውተር ባለቤቶችንና የጥገና ባለሙያዎችን ግራ ያጋቡት አብዛኛው ተጠቃሚ ስማቸውን እንኳ ሰምቶ የማያውቃቸው ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት የተባሉት ሁለት የደኅንነት መስፈርቶች ነበሩ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ሲያበቃ ደግሞ ጉዳዩ ከምርጫነት ወደ ግዴታነት ተጠጋ። መስፈርቱን አያሟላም የተባለ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ነገር ሁሉ በማዘርቦርዱ ላይ ኖሮት ሳለ መቼቱ ተዘግቶ የቀረ በመሆኑ፣ ባለቤቱ አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ከመወሰኑ በፊት ባለሙያ ሊመረምርለት ይገባል። ሥራው ከላይ ሲታይ ሁለት ሦስት መቼቶችን መቀየር ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን መቼቶቹ እርስ በርስ የተሳሰሩ ስለሆኑ አንዱን ያለ ተራው የነካ ሰው ደህና ይሠራ የነበረን ማሽን እንዳይነሳ ሊያደርገው፣ አልፎም ባለቤቱን ከገዛ ፋይሎቹ ሊያቆራርጠው ይችላል። ምን እንደሚቀየር ማወቅ ቀላል ነው፤ ምን ከምን በፊት እንደሚመጣና ለምን እንደሆነ ማወቅ ግን ባለሙያውን ከሞካሪው ይለየዋል።

ቅደም ተከተሉን ለመረዳት ኮምፒውተር ሲበራ ምን እንደሚከናወን ማየት ያስፈልጋል። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ካወጣው የግል ኮምፒውተር ጋር የመጣው ባዮስ፣ ማለትም በማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የተጻፈውና ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚነቃው መሠረታዊ ፕሮግራም፣ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት አንብቦ በውስጡ ያገኘውን መመሪያ ማን እንደጻፈው ሳይጠይቅ ያስፈጽም ነበር። በዚህ ቦታ የተደበቀ ጎጂ ፕሮግራም ከኦፕሬቲንግ ሲስተሙም ሆነ ከፀረ ቫይረሱ ቀድሞ ስለሚነሳ፣ አስቀድሞ ቤት ውስጥ የገባ ሌባ በር ላይ በቆመ ዘበኛ እንደማይያዝ ሁሉ በኋላ የሚነሱት መከላከያዎች ሊያገኙት ይቸገራሉ። ባዮስን የተካውና እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአምራቾች የጋራ መድረክ የሚመራው ዩኢኤፍአይ የተባለው መስፈርት ይህን ቀዳዳ ለመድፈን መንገድ የከፈተ ሲሆን፣ በውስጡ የተካተተው ሴኪዩር ቡትም እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር ወደ ብዙኃኑ ተጠቃሚ ደረሰ።

ሴኪዩር ቡት የሚሠራው በዲጂታል ፊርማ ነው። በፈርምዌሩ፣ ማለትም በማዘርቦርዱ ቋሚ ፕሮግራም ውስጥ አራት መዛግብት ይቀመጣሉ፤ ፕላትፎርም ኪ የተባለው ብዙ ጊዜ በማሽኑ አምራች እጅ ያለ የበላይ ቁልፍ ነው፤ ኪ ኤክስቼንጅ ኪ የተባለው የቀሩትን ዝርዝሮች ለማደስ ማን ሥልጣን እንዳለው ይወስናል፤ ዲቢ የተፈቀዱትን፣ ዲቢኤክስ ደግሞ የታገዱትን ፊርማዎችና ፕሮግራሞች ይዘረዝራል። ማሽኑ ሲነሳ እያንዳንዱ የማስነሻ ፕሮግራም በእነዚህ ዝርዝሮች ይመዘናል፤ በታገዱት ውስጥ የተገኘ ወይም በተፈቀዱት ውስጥ ፊርማው የሌለ ፕሮግራም አይነሳም። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ የተደረገው ብላክሎተስ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም፣ ፊርማው ትክክለኛ ሆኖ ክፍተት ያለበትን አሮጌ የዊንዶውስ ማስነሻ በመጠቀም ሴኪዩር ቡት በበራበት ማሽን ላይ ማለፍ መቻሉ፣ የታገዱት ዝርዝር በየጊዜው ካልታደሰ መቼቱን ማብራት ብቻውን እንደማይበቃ አሳይቷል።

ቲፒኤም በበኩሉ የሚከለክል ሳይሆን የሚመዘግብና ምስጢር የሚጠብቅ አካል ነው። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ከፈርምዌሩ አንሥቶ እስከ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ማስነሻ ድረስ ያሉት ክፍሎች አንዱ ሌላውን ከማስነሳቱ በፊት እየለኩት፣ የልኬቱ ውጤት በቲፒኤሙ ውስጥ ባሉ ልዩ መዝገቦች ላይ ይታከላል። አዲሱ ልኬት ከነባሩ ጋር ተቀላቅሎ በስሌት ስለሚታሸግ የቀደመውን ፍቆ የሚመቸውን መጻፍ አይቻልም፤ መዝገቡን ወደ መነሻው መመለስ የሚቻለው ማሽኑን እንደገና በማስነሳት ብቻ ነው። ቢትሎከር የተባለው የዊንዶውስ የዲስክ ምስጠራ የሚደገፈው በዚህ ላይ ነው፤ የዲስኩ ቁልፍ በቲፒኤሙ ውስጥ ታሽጎ ይቀመጥና የማሽኑ አነሳስ ቁልፉ በታሸገበት ጊዜ ከነበረው ልኬት ጋር ሲመሳሰል ብቻ ይለቀቃል። በቆዩ ማሽኖች ላይ ቲፒኤም በማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካ ራሱን የቻለ ቺፕ ሆኖ ሲገኝ፣ በአሁኖቹ የቤት ኮምፒውተሮች ላይ ግን ብዙውን ጊዜ በፈርምዌር አማካይነት የሚሠራ ሆኖ ኢንቴል ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ደግሞ ኤፍቲፒኤም ይሉታል። ብዙ ሰው ተጨማሪ ቺፕ ለመግዛት ገንዘቡን ያባከነው ይህ ነገር ቀድሞውኑ በማሽኑ ውስጥ እንዳለ ባለማወቁ ነበር።

እንግዲህ የመጀመሪያው ተግባር ምንም ሳይነኩ መመርመር ነው። ዊንዶውስ ላይ ኤምኤስኢንፎ32 የሚለውን ትእዛዝ ሲጽፉ የሚከፈተው ገጽ ማሽኑ በዩኢኤፍአይ ወይም በአሮጌው ሥርዓት እንደሚነሳና ሴኪዩር ቡት እንደበራ ወይም እንደጠፋ ይናገራል፤ የቲፒኤም ማስተዳደሪያ ገጽ ደግሞ ቲፒኤሙ መኖሩንና እትሙ 1.2 ይሁን 2.0 ያሳያል። ከዚህ ጋር የፕሮሰሰሩ ሞዴል መታየት አለበት፤ ዊንዶውስ 11 ከጥቂት ልዩ ሞዴሎች በቀር የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛው ትውልድ፣ ከኤኤምዲ ደግሞ የራይዘን 2000 ተከታታይ ጀምሮ ያሉትን ነው። በ7ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር የሚሠራ ማሽን ቲፒኤሙና ሴኪዩር ቡቱ በትክክል ቢበሩለትም ከፕሮሰሰሩ የተነሣ መስፈርቱን ስለማያልፍ፣ ይህን መጀመሪያ ያላየ ባለሙያ የደንበኛውን ጊዜና ገንዘብ ከንቱ ያደርጋል። በኢትዮጵያ ገበያ ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ ላፕቶፖችና ዴስክቶፖች በሰፊው ስለሚሸጡ፣ ይህ ምርመራ ከግዢ በፊት ቢደረግ ገዢውን ከብዙ ጸጸት ያድነዋል።

ሁለተኛው ተግባር የባለቤቱን ሰነዶች ደኅንነት ማረጋገጥ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል በዚህ ሙያ ውስጥ ከምክር ይልቅ ሕግ ሆኖ ሊቆጠር ይገባል። ባክአፕ ከመያዝ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ዲስኩ ተመስጥሮ እንደሆነ ማጣራት ነው፤ ምክንያቱም በብዙ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባ ምስጠራው በራሱ የሚበራ ስለሆነ፣ ቢትሎከርን በእጁ አብርቶ የማያውቅ ሰው እንኳ ዲስኩ የተቆለፈ ሊሆን ይችላል። የፈርምዌር መቼት ሲቀየር የማሽኑ ልኬት ስለሚለወጥ ቲፒኤሙ ቁልፉን ላይለቅ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ በስክሪኑ ላይ ባለ 48 አኃዝ የመልሶ ማግኛ ቁልፍ የሚጠይቅ ገጽ ይወጣል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሎቹ የሉም። ስለዚህ ቁልፉ በባለቤቱ አካውንት ውስጥ መኖሩ ይረጋገጣል፣ በወረቀትም ይጻፋል፣ ከዚያም የቢትሎከር ጥበቃ ለጊዜው ይታገዳል። ማገድ ምስጠራውን መፍታት አይደለም፤ ዲስኩ እንደተመሰጠረ ሆኖ ማሽኑ ለጥቂት ጊዜ ልኬቱን ሳይጠይቅ እንዲነሳ መፍቀድ ነው። በዚሁ ምክንያት በፈርምዌር ገጽ ላይ ቲፒኤምን አጥፋ ወይም አጽዳ የሚለው ምርጫ ቁልፉ በእጅ ሳይኖር ፈጽሞ ሊነካ አይገባም።

ሦስተኛው ተግባር የዲስኩን አከፋፈል ማስተካከል ሲሆን፣ ብዙ ማሽኖች የሚሰናከሉትም እዚህ ላይ ነው። አሮጌው የዲስክ አከፋፈል ኤምቢአር፣ አዲሱ ጂፒቲ ይባላል፤ የመጀመሪያው ከአራት ዋና ፓርቲሽን በላይ የማይቀበልና በተለመደው የዲስክ አሠራር ከ2 ቴራባይት ገደማ በላይ የማያስተዳድር ሲሆን፣ ዊንዶውስ በዩኢኤፍአይ እንዲነሳ ዲስኩ ጂፒቲ መሆን አለበት። ሴኪዩር ቡት ደግሞ ሲኤስኤም የተባለው፣ ዩኢኤፍአይ እንደ አሮጌው ባዮስ እንዲሠራ የሚያደርገው መቼት ካልጠፋ አይሠራም። በኤምቢአር ዲስክ የሚነሳ ማሽን ላይ ሲኤስኤም ቀድሞ ቢጠፋ ፈርምዌሩ የሚያስነሳው ነገር አያገኝም፤ ዳታው ሳይነካ ማሽኑ የሞተ ይመስላል፤ ያልተረጋጋ ባለሙያም በዚህ ጊዜ ዊንዶውስን እንደ አዲስ ለመጫን ተቻኩሎ ያልጠፋውን ፋይል ራሱ ያጠፋዋል። ትክክለኛው መንገድ ሲኤስኤምን መልሶ በማብራት ወደ ዊንዶውስ መግባትና ዲስኩን መቀየር ነው። ከዊንዶውስ 10 1703 እትም ጀምሮ ከሥርዓቱ ጋር የሚመጣው ኤምቢአር2ጂፒቲ የተባለው መሣሪያ ፋይሎችን ሳያጠፋ ቅየራውን ያከናውናል። መሣሪያው ቫሊዴት በሚለው ትእዛዝ መጀመሪያ ዲስኩን ብቻ ይመረምራል፤ ዋናዎቹ ፓርቲሽኖች ከሦስት ከበለጡ ለአዲሱ የማስነሻ ክፍል ቦታ ስለማይኖር ቅየራውን አይቀበልም። ምርመራው ካለፈ በኋላ ኮንቨርት የሚለው ትእዛዝ ይሰጣል፤ ቅየራው ሲያበቃ ማሽኑ በአሮጌው ሥርዓት መነሳት ስለማይችል፣ በቀጥታ ወደ ፈርምዌሩ ገብቶ አነሳሱን ወደ ዩኢኤፍአይ ማዞር ግድ ይላል።

ወደ ፈርምዌሩ ገጽ የሚገባው ማሽኑ ሲበራ ብዙ ጊዜ ዴል ወይም ኤፍ2 ቁልፍን በመጫን ሲሆን፣ እዚያ የሚጠብቀው ችግር የስያሜ መለያየት ነው። ቲፒኤሙ በአንዱ አምራች ሰሌዳ ላይ ፒቲቲ፣ በሌላው ኤፍቲፒኤም፣ በሦስተኛው ትረስትድ ኮምፒውቲንግ ወይም ሴኪዩሪቲ ዲቫይስ ሰፖርት በሚል ስም ይቀመጣል። ሲኤስኤም ከመጥፋቱ በፊት የግራፊክስ ካርዱ ዕድሜ መታየት አለበት፤ ዩኢኤፍአይን የማያውቅ አሮጌ ካርድ የተሰካበት ማሽን ሲኤስኤም ሲጠፋ ስክሪኑ ላይ ምንም ላያሳይ ይችላልና። ከዚህ በኋላ ሴኪዩር ቡት ይበራል፤ ሆኖም በአንዳንድ ሰሌዳዎች ላይ መቼቱ በርቷል እየተባለ ከጎኑ ሥራ ላይ አይደለም የሚል ጽሑፍ ይታያል። ይህ የሚሆነው ፕላትፎርም ኪ ባዶ ሆኖ ፈርምዌሩ ሴትአፕ ሞድ በተባለው ገና ቁልፍ ባልተሰጠው ሁኔታ ላይ ሲገኝ ነው፤ መፍትሔውም የፋብሪካ ቁልፎችን መልስ የሚለውን ምርጫ ተጠቅሞ አራቱን መዛግብት መሙላት፣ ከዚያም አስቀምጦ መውጣት ነው። በስተመጨረሻ የሚታመነው ግን የፈርምዌሩ ገጽ የሚለው አይደለም፤ ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ኤምኤስኢንፎ32 ላይ ዩኢኤፍአይ እና ሴኪዩር ቡት በርቷል የሚሉት ሁለት መስመሮች ሲነበቡ፣ ቲፒኤሙም እትም 2.0 ሆኖ ለሥራ ዝግጁ መሆኑ ሲታይ ነው።

አንዳንድ ሰሌዳዎች እነዚህን ምርጫዎች የሚያሳዩት ፈርምዌራቸው ከታደሰ በኋላ ነው፤ በኤኤምዲ ማሽኖች ላይም ኤፍቲፒኤም ያስከትለው የነበረው አልፎ አልፎ የሚታይ መንተፋተፍ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2022 ባመነው መሠረት መፍትሔ ያገኘው በፈርምዌር እድሳት ነው። እድሳቱ በሚጻፍበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ጨርሶ ላይነሳ ስለሚችል፣ መብራት በሚቆራረጥባቸው የአገራችን ከተሞች ዴስክቶፕን ያለ ዩፒኤስ፣ ላፕቶፕንም ባትሪው ሳይሞላ ማደስ ከሙያ ሥነ ምግባር ውጪ ነው። በተመሳሳይ መንገድ፣ በዕድሜ በገፋ ዴስክቶፕ ላይ የፈርምዌሩን ሰዓትና ብዙ ጊዜም መቼቱን የምትጠብቀው ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ባትሪ ደክማ ከሆነ፣ ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ሲነቀል መቼቶቹ ወደ ፋብሪካ ሁኔታ ተመልሰው የተደከመበት ሥራ ሊፈርስ ይችላል፤ በዋጋ እጅግ ርካሽ የሆነችውን ይህችን ባትሪ አስቀድሞ መለወጥ የጥንቃቄ ሁሉ ቀላሉ ነው።

መስፈርቱን በሬጂስትሪ ለውጥ ወይም በተሻሻለ የመጫኛ ፍላሽ አልፎ ዊንዶውስ 11ን መጫን እንደሚቻል ይታወቃል፤ ማይክሮሶፍት ግን መስፈርቱን ለማያሟሉ ማሽኖች የወደፊት እድሳት ዋስትና እንደማይሰጥ ገልጿል። አቅሙ እያለው መቼቱ የተዘጋበትን ማሽን በአቋራጭ ማሳለፍ ባለቤቱ ሊያገኘው የሚገባውን ጥበቃ መንፈግ ነው። ሴኪዩር ቡት የሚደገፍባቸው እ.ኤ.አ. በ2011 የተሰጡ የማይክሮሶፍት ሰርቲፊኬቶች እ.ኤ.አ. ከጁን 2026 ጀምሮ ጊዜያቸው ማለፍ ስለሚጀምርና በ2023 በወጡት መተካት ስላለባቸው፣ የቁልፎቹ ዝርዝር በሥርዓት መታደሱ ከአንድ ቀን ሥራ ያለፈ ቀጣይ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጠናቀቀው ዊንዶውስ 11 ሲጫን አይደለም። የታገደው የቢትሎከር ጥበቃ መልሶ መሥራት መጀመሩ ይታያል፤ ከዚያም ባለሙያው የትኛው መቼት ምን እንደነበረና ወደ ምን እንደተቀየረ፣ የፈርምዌሩ እትም ስንት እንደሆነና የመልሶ ማግኛው ቁልፍ የት እንደተቀመጠ በአንድ ገጽ ጽፎ ለባለቤቱ ያስረክባል። ያለዚህ ወረቀት የተሠራ ማሽን ነገ ባትሪው ሲደክም ወይም ሰሌዳው ሲለወጥ ሌላ ባለሙያ በግምት የሚነካው ማሽን ይሆናል፤ ወረቀቱ ካለ ግን ባለቤቱ የገዛ ንብረቱን ደኅንነት የሚያስረዳበትና የሚጠይቅበት ሰነድ በእጁ አለ፣ የሙያውም ዓላማ ይኸው ነው።