የፊታውራሪ መሸሻ ሚዛን

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በፍቅር ታሪክነቱ ነው። እስቲ ደግሞ ሰው ራሱን በማን ሚዛን እንደሚመዝን እያሰባችሁ አንብቡት።

ፊታውራሪ መሸሻ ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ በዘር አይመጥነንም እያሉ ይመልሳሉ። ራሳቸውን የሚያወዳድሩት ከሞቱ አያቶቻቸው ጋር ስለሆነ በሕይወት ያለ ሰው ሁሉ ያንስባቸዋል። ዋጋውን የምትከፍለው ግን ልጅቱ ናት፤ ዕድሜዋ እየገፋ ሳታገባ ትቀራለች።

ይህ ለእኛ ለሰቆጣ ልጆች የሩቅ የጎጃም ወሬ አይደለም። የዋግ ሹሞች ዘራቸውን ከዛጉዌ ነገሥታት ይቆጥሩ ነበር፤ ከእነሱም ዋግ ሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ሹመቱ ቀርቷል፤ «የማን ልጅ ነህ?» የሚለው ጥያቄ ግን አልቀረም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ በዛብህ ነው። የድሃ ገበሬ ልጅ ቢሆንም በቤተ ክህነት ትምህርት የበሰለ፣ የባላባት ልጅ እንዲያስተምር የተጠራ ሰው ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሊዮን ፌስቲንገር በ1954 እ.ኤ.አ. እንደጻፈው፣ ሰው ራሱን ከሌላው ጋር የሚያወዳድረው ሌላ መለኪያ ሲያጣ ነው፤ የሚመርጠውም የሚመስለውን ሰው ነው። በዛብህ ለሁለቱም አይመችም። የሚታይ የራሱ ሥራ እያለው በፍቅሩ መካከል እንኳ የማን ልጅ እንደሆነ እያሰበ ይሸማቀቃል። የሚተካከለውም ከማይመስሉት ጋር ነው። ማን ከማን ጋር እንደሚመዘን እሱ ከመወለዱ በፊት አገሩ ወስኖለታል። ፌስቲንገር ያላየው ይህን ይመስለኛል።

ለትምህርት ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ሄዶ፣ ከቤት ሲደወልለት ኽምጣኛውን በሹክሹክታ የሚያወራ ልጅ ታውቁ ይሆናል። አንደበቱ ጎድሎበት አይደለም፤ የሌሎችን ሚዛን ተውሶ ነው። በመዘምራን መካከልስ ድምፃችንን የምንሰማው በማን ጆሮ ነው? ጳውሎስ በገላትያ 6፥4 እያንዳንዱ የገዛ ራሱን ሥራ እንዲመረምር ሲጽፍ፣ በዛብህ የተወውን መለኪያ መልሶ የሚያስጨብጠን ይመስለኛል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ጉዱ ካሣ ራሱ ከባላባት ወገን ሆኖ ያንን ሚዛን ስለናቀ አገሩ እብድ ይለዋል፤ ይህ ግሩም ነው። ነገር ግን ንግግር ሲጀምር ታሪኩ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ አንዳንዱን ገጽ ሳነብ ስብከት የረዘመበት እሑድ ትዝ ይለኛል። በወጣቶች ኅብረት ስታነቡት ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ የአባቷን ቤት ጥላ የምትወጣበትን ክፍል ለብቻው ያዙት። ጉዱ ካሣ በአፉ ያወገዘውን ሚዛን በእግሯ የተወችው እሷ ናት፤ ደራሲው ግን ረጅሙን ንግግር የሰጡት ለእሱ ነው።