የባንኩ ሴራ

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ተማሪዎቼን በየዓመቱ የምታስቸግር አንዲት ቃል ነበረች፤ «ሴራ»። አንዱ እጁን ያወጣና «መምህር፣ ሴራ ማለት ተንኮል አይደለም እንዴ?» ይለኛል። ክፍሉ ይስቃል። እኔም «ቤተ መንግሥት ውስጥ ተንኮል ነው፤ ልቦለድ ውስጥ ግን ደራሲው የትኛውን ድርጊት እንዳስቀደመ፣ የትኛውን እንዳዘገየ ማለት ነው» ብዬ አልፋለሁ። ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ገጽ ላይ ተቃቅፈው ያየኋቸው ማስተማሩን ከተውኩ በኋላ ነው። ያውም በልቦለድ ሳይሆን በባንክ የሒሳብ መግለጫ ላይ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2019 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ ወጉ የእነሱ አገር ወግ ነውና) የፋሲካን ሰሞን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር የእህቴ ልጅ ዘንድ ነበርኩ። ልጅቷ ሌሊት አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ ቀን ትማራለች። አንድ ጠዋት ከሥራ ገብታ ካፖርቷን ሳታወልቅ ስልኳ ላይ አፍጥጣ አገኘኋት።

«ምነው ልጄ?»

«ምንም አይደል ጋሼ፤ ባንክ ቀጣኝ። 105 ዶላር። ለእማዬ ለበዓል ልልክላት ያልኩትን ነው የወሰዱት።»

እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር መቆጣት ነበር። «ያለሽን ሳትቆጥሪ ለምን ታወጫለሽ?» አልኳት። «ቆጥሬ ነበር እኮ!» አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እኔ ነኝ መሰለኝ መቁጠር የማልችለው» አለችኝ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት።

የሒሳብ መግለጫውን አስወጣኋትና የተማሪ ፈተና እንደማርም ሰው እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ሰኞ ማታ 96 ዶላር ነበራት። በ41 ዶላር አስቤዛ ገዛች፤ ስልኳ 55 ቀረሽ አላት። ማክሰኞ የ30 ዶላር ቤንዚን ቀዳች፤ 25 ቀረ። ረቡዕ ጠዋት ለዳቦና ለቡና 9 ዶላር ከፈለች፤ 16 ቀረ። ሦስቱንም ጊዜ ካርዱ ያለፈላት ገንዘቡ ስለነበራት ነው። ረቡዕ ማታ ግን የስልክ ኩባንያው የወሩን 60 ዶላር ሳበ። እሷ ክፍያው አርብ ደመወዝ ከገባ በኋላ የሚሳብ መስሏት ነበር። ይህ የእሷ ስህተት ነው፤ አልክድም። በባንኩ ደንብ የአንድ ስህተት ዋጋ 35 ዶላር ነው።

ባንኩ የጻፈው ታሪክ ግን ሌላ ነው። ረቡዕ ማታ የተሳበው የስልክ ክፍያ መጀመሪያ ተመዘገበ፤ ከ96 ዶላር 36 ቀረ። የሰኞው አስቤዛ፣ የማክሰኞው ቤንዚን፣ የረቡዕ ጠዋቱ ዳቦና ቡና ሐሙስ ደረሱ። አስቤዛው ሲገባ ሒሳቡ ከዜሮ በታች ወረደ፤ 35 ዶላር። ቤንዚኑ 35። ዳቦና ቡናው 35። የ9 ዶላር ቁርስ 44 ዶላር ሆነ ማለት ነው። ድርጊቶቹ ያው፣ ቁጥሮቹ ያው፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ። ሴራ!

እንዴት ሆነ? ዴቢት ካርድ አንዴ የሚከፍል ይመስለናል እንጂ ሁለት ጊዜ ነው የሚናገረው። ካርዱን ስትሰጡ ባንኩ «ገንዘብ አለው፣ ይለፍ» ይላል፤ ያንን ያህል ያዝ ያደርጋል። ነጋዴው የመጨረሻውን ሒሳብ የሚልከው በማግስቱ፣ አንዳንዴም ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ነው። ገንዘቡ ከመዝገብ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። ማደያ ከሆነማ የባሰ ነው፤ 20 ዶላር ልትቀዱ ስትመጡ ማሽኑ ከመቶ ዶላር በላይ ሊይዝባችሁ ይችላል። በ«ይለፍ» እና በ«ተከፈለ» መካከል ባሉት ቀናት ሌላ ነገር ጣልቃ ይገባል። የቅጣቱ ማሳ ይህ ክፍተት ነው።

ቅደም ተከተሉ ሁልጊዜም በአጋጣሚ የመጣ አልነበረም። በ2010 ሳን ፍራንሲስኮ ያስቻሉት የፌዴራል ዳኛ ዊሊያም አልሰፕ፣ ዌልስ ፋርጎ የደንበኞቹን ወጪ ከትልቁ ወደ ትንሹ ደርድሮ ቅጣት ማብዛቱን መርምረው ለካሊፎርኒያ ደንበኞች 203 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ አዘዋል። ባንክ ኦፍ አሜሪካም በ2011 በዚሁ በመደርደር ጉዳይ የቀረበበትን ክስ በ410 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ዘግቷል። ትልቁ ከቀደመ ገንዘቡ ቶሎ ያልቃል፤ ከኋላ የሚመጡት ትንንሾቹ እያንዳንዳቸው ይቀጣሉ። ተማሪዎቼ ይህን ቢሰሙ ስለ ሴራ ዳግም ባልጠየቁኝ ነበር።

አሁን ወደ ቃላቱ እንምጣ፤ ሙያዬ እሱ ነውና። የዚህ አገልግሎት ስም «የኦቨርድራፍት ጥበቃ» ነው። ማን ከማን ነው የሚጠበቀው? ከ2010 ጀምሮ በአሜሪካ ደንብ መሠረት ባንክ ደንበኛውን አስቀድሞ ሳያስፈቅድ በተራ የካርድ ግዢና በኤቲኤም ወጪ ላይ ይህን ቅጣት ማስከፈል አይችልም። ፈቃድ ካልሰጣችሁ ካርዱ እምቢ ይላል፤ በቃ፤ ቅጣት የለም። ልጅቷን «ፈቅደሻል እንዴ?» አልኳት። ሒሳቡን ስትከፍት ሠራተኛዋ «ካርድሽ ሰው ፊት እንዳይመለስ ጥበቃውን ልሙላልሽ?» ብላት ነበር። ሐበሻ ለዚህ ጥያቄ ምን ይመልሳል? በይሉኝታ ያደገ ሰው ሰልፍ ፊት ከመዋረድ አንድ ፊርማ ይመርጣል። በማግስቱ ደውለን አቤት ስንል ደግሞ ከሦስቱ አንዱን መለሱልን፤ «በበጎ ፈቃድ» ብለው። የራሳችንን 35 ዶላር አመስግነን ተቀበልን!

ባንኮቹ መከራከሪያ አላቸው፤ «ገንዘባችንን አስቀድመን ከፍለንላችሁ፣ አደጋውን ተሸክመን» ይላሉ። እሺ፣ ብድር ነው እንበል። የአሜሪካ የተጠቃሚዎች የገንዘብ ጥበቃ ቢሮ በ2014 እንዳሳየው፣ በዴቢት ካርድ ሳቢያ ከተጣሉት ቅጣቶች የሚበዙት የመጡት 24 ዶላርና ከዚያ በታች በሆነ ግዢ ነው፤ አብዛኛው ዕዳም በሦስት ቀን ውስጥ ይመለሳል። 24 ዶላር ለሦስት ቀን አበድሮ 34 ዶላር መቀበል በዓመት ወለድ ቢሰላ ከ17 ሺህ በመቶ በላይ ነው። በእኛ ሰፈር ለዚህ ነገር ስም አለን፤ አራጣ።

ለፍትሕ ያህል፣ ነገሩ እንደ 2019 አይደለም። በ2022 ሲቲ ባንክ ቅጣቱን አስቀረ፤ ባንክ ኦፍ አሜሪካ ከ35 ወደ 10 ዶላር አወረደ። ቢሮው በዚያው ዓመት ሲገዛ ገንዘብ የነበረውን ሰው፣ ልክ እንደ የእህቴ ልጅ፣ በኋላ መቅጣት ሕገ ወጥ ሊሆን እንደሚችል አሳወቀ። በ2024 መጨረሻ ትልልቆቹ ባንኮች ከ5 ዶላር እንዳያልፉ የሚገድብ ደንብ አወጣ። ደንቡ ግን ሥራ ላይ ሳይውል ምክር ቤቱ ሻረው፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕም በግንቦት 2025 ፈረሙበት። ለደሃ የቆመ አንቀጽ ዕድሜው አጭር ነው።

እቁብ ትዝ ይለኛል። እቁብም ይቀጣል፤ የዘገየ ይቀጣል። ግን ተራው የሚወጣው በዕጣ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው። ዳኛው ዕጣዎቹን ቤቱ ወስዶ ሌሊት ቢደረድራቸው ማን ዝም ይለዋል?

ይህ የሩቅ አገር ወግ ነው የምትሉኝ አላችሁ። እኛ ዘንድ ኦቨርድራፍት ለረጅም ጊዜ የነጋዴ ቃል ነበር። በ2022 ግን ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ፣ ሒሳቡ ያነሰበት ሰው ክፍያውን እንዲጨርስ ጎደሎውን የሚሞላ አገልግሎት ጀመረ፤ ስሙም «እንደኪሴ»። ክፉ የምለው የለኝም፤ ስሙን ያወጣው ሰውም ቋንቋ ያውቃል። ብቻ አንድ የድሮ መምህር ያስታውሳችሁ፤ «እንደ» የተነጻጻሪ ዘይቤ ቃል ነው። ጀግናው እንደ አንበሳ ነው ስንል አንበሳ አይደለም ማለታችን ነው። እንደ ኪሴ የሆነው ሁሉ ኪሴ አይደለም፤ ብድር ነው።

የእህቴ ልጅ ያን ጥበቃ አሰርዛለች። በኋላ አንድ ቀን ካርዷ ሰልፍ ፊት እምቢ አላት። ዕቃውን መልሳ ወጣች። «አፈርሽ?» ብላት በስልክ ሳቀችብኝ። እኔ ግን ዛሬም የማፍረው በዚያ ጠዋት ቁጣዬ ነው። ልጅቷ መቁጠር ትችል ነበር፤ ማንበብ ያልቻልኩት እኔ ነኝ።