ቈጣሪ የሌለው ብርሃን፤ በጣና ዳርቻ ስለሚገኙ የቤት ሶላሮች አመዛዘን

ጣና ሐይቅ ለአገራችን መብራት ብዙ ውለታ የዋለ ውኃ ነው። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1964፣ ሁለተኛው በ2001፣ ውኃውን ከሐይቁ በዋሻ እየሳበ ወደ በለስ የሚያወርደው የጣና በለስ ማመንጫም በ2010 ሥራ ጀመሩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። የኋለኛው ብቻ 460 ሜጋዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ከነዚህ ማመንጫዎች የሚወጣው ኃይል በየደረጃው ይለካል፤ በባሕር ዳር ከተማም በየደንበኛው ግድግዳ ላይ ቈጣሪ ተሰቅሎ ይገኛል። ከዚያው ሐይቅ ዳር፣ የመብራት ሽቦ ባልደረሰበት መንደር፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተቀመጠው ሶላር ግን ትናንት ምን ያህል እንደ ሰጠ፣ ከአምናውም ምን ያህል እንደ ጐደለ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም የለም።

ስለ ቤት ሶላር በተጻፉ ዘገባዎችና በእኛም በተማሪዎች ጽሑፎች ውስጥ ሁለት ዓይነት ሚዛን ደጋግሞ ይታያል። አንደኛው የተተከሉትን መቍጠር ነው። ሁለተኛው ለትልልቅ ማመንጫዎች የተበጀውን ቀመር አምጥቶ በገበሬ ቤት ጣሪያ ላይ መጫን ነው። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ሚዛኖች ያጋደሉ ናቸው። በዚህ ጉዳይ አፌን ሞልቼ ለመናገር ገና ተማሪ ነኝ፤ ሆኖም ነገሩን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ስላልሆነ በዓይኔ ያየሁትን አስቀድሜ ልናገር።

አክስቴ የሚኖሩት በሐይቁ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ገንዘብ ተበድረው ባለ 50 ዋት ሶላር አስገቡ። የመጀመሪያው ክረምት ደኅና ሆነ፤ አምፖሎቹ ቤተ ሰቡ እስኪተኛ ድረስ ይበሩ ነበር። ኅዳር ከገባ ወዲህ ግን መብራቱ ገና ራት ሳይቀርብ መጥፋት ጀመረ። የመጣው ጠጋኝ ባትሪው አርጅቷል አለ፤ አክስቴም በግ ሸጠው አዲስ ባትሪ ገዙ። መብራቱ ጥቂት ምሽት ከበራ በኋላ እንደ ገና ደከመ። መጋቢት ላይ ደግሞ ማንም ሳይነካው ዳነ። «ልጄ፣ የኔ ሶላር ሰው የሚያስቅ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ ይታመማል፣ ደመና ሲመጣ ይድናል» አሉኝ። ጎረቤቶችም ዕቃው የውሸት ነው ብለው ፈረዱ። ዕዳው ግን መብራቱ በበራበትም በጠፋበትም ወር እኩል ይከፈል ነበር።

እንቈቅልሹን ለመፍታት የረዳችን የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የነበረችው ልጃቸው ናት። ለፈተና ታጠና ስለ ነበር መብራቱ የሚጠፋበትን ሰዓት በደብተሯ መጨረሻ ገጽ ላይ በየምሽቱ ትጽፍ ኖሯል። ደብተሩን ገልጠን ስናይ ድካሙ ከኅዳር እስከ የካቲት ብቻ እንደ ሆነ ታወቀ። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን በ11 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ አዘንብላ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች፤ ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ግን ቀትር ላይ አናታችንን አልፋ በስተ ሰሜን ትውላለች። ከአክስቴ ቤት በስተ ደቡብ ትልቅ ዋርካ አለ። በበጋ ጥላው በፓኔሉ ጫፍ ላይ ያርፍ ነበር፤ በክረምት ግን አይደርስበትም። በፓኔሉ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት እንደ መቍጠሪያ ዶቃ በአንድ መስመር የተያያዙ ስለ ሆኑ፣ ጥላ ጥቂቶቹን ብቻ ቢይዝ የሁሉም ኃይል ይወድቃል። ፓኔሉን ወደ ጣሪያው ሌላ ጫፍ አዛወርነው፤ በሚቀጥለው ታኅሣሥ መብራቱ አልደከመም። የተሸጠው በግ ግን አልተመለሰም።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ሚዛን እንመለስ። በ1985 በመካከለኛው ኢትዮጵያ በአንድ የገጠር መንደር 300 ለሚያህሉ ቤቶች የ10.5 ኪሎዋት የሶላር ማመንጫ ተተክሎ ነበር፤ ኋላም ወደ 30 ኪሎዋት አድጎ ለውኃ መሳቢያና ለወፍጮ ጭምር እንዲያገለግል ተደረገ። እኔ ባነበብኋቸው ጽሑፎች ሁሉ ስለዚህ ማመንጫ የሚጠቀሰው ኪሎዋቱና የቤቶቹ ቍጥር ነው፤ በእነዚያ ቤቶች መብራቱ በየምሽቱ ስንት ሰዓት እንደ ቈየ የተጻፈ አላገኘሁም።

በዚሁ በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ የምትገኘው ሬማ የተሻለ ትምህርት ትሰጠናለች። ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት በዚያ አካባቢ ወደ 2,000 ለሚጠጉ ቤቶች አነስተኛ ሶላር አስገብቷል፤ በ2009ም የአሽደንን ሽልማት አግኝቷል። ስለ ሬማ ሲነገር ጐልቶ የሚሰማው ይህ 2,000 የሚለው ቍጥር ነው። ለእኔ ከዚህ ይልቅ የሚበልጥብኝ በመንደሩ የሶላር ትምህርት ቤት መከፈቱ፣ ወጣቶች በጥገና መሠልጠናቸውና ባለቤቶቹ ለጥገና በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እንዲከፍሉ መደረጉ ነው። ወር በወር የሚከፍል ሰው ወር በወር ይጠይቃልና።

በ2019 የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እስከ 2025 ድረስ 65 ከመቶ የሚሆነው ሕዝብ ከዋናው መስመር፣ 35 ከመቶው ደግሞ ከመስመር ውጭ በሆነ ዘዴ መብራት እንዲያገኝ አቅዶ ነበር። ከሦስት ሰው አንዱን ለሶላርና ለመሰሎቹ የሚተው ዕቅድ ትልቅ አደራ ነው። ነገር ግን «መብራት አገኘ» የሚለው ቃል የሚመዘገበው ሶላሩ በተተከለበት ቀን ነው። ደኅና ፓኔል ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል፤ ባለ እርሳስ ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው፤ እየተራቈተ ከዋለ ከዚያም ያነሰ። ባትሪው በሞተ ቀን ያንን ቤት ከመዝገቡ የሚሰርዝ ማነው? የመዝገቡ አያያዝ ሳሩን ዐይቶ ገደሉን ያላየውን በሬ ያስታውሰኛል።

ሁለተኛው ሚዛን የአፈጻጸም ጥምርታ የሚባለው ነው። ፓኔል በፋብሪካ የሚለካው በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን እየወደቀበት፣ የሕዋሳቱም ሙቀት 25 ዲግሪ ሆኖ ነው። ከዚህ ተነሥተን አንድ ፓኔል በአንድ ቀን መስጠት የሚገባውን እናሰላለን፤ በእውነት የሰጠውንም ለዚያ እናካፍላለን። ለምሳሌ 50 ዋት ፓኔል ከ5 ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይ ጋር የሚተካከል ብርሃን ባገኘበት ቀን 275 ዋት-ሰዓት ይጠበቅበታል፤ 200 ቢሰጥ ጥምርታው 73 ከመቶ ያህል ይሆናል። የጐደለው የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው። ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ሳይተውለት ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ፓኔል ቀትር ላይ 60 ዲግሪ ቢደርስ፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.4 ከመቶ ያህል ስለሚቀንስ፣ በሙቀት ብቻ 14 ከመቶ ያጣል። በበጋም የመንገድ አቧራ፣ የማድቤት ጢስና የሐይቁ ወፎች ኩስ ይከመርበታል፤ ዝናብ መጥቶ እስኪያጥበው ድረስ የሚወለውለው ካልተገኘ እንደዚያው ይኖራል።

ይህ ቀመር ያመነጨውን ሁሉ ለዋናው መስመር ለሚያስረክብ ማመንጫ የተስማማ ነው። ባትሪ ላለው ቤት ግን ብቻውን ያሳስታል። በጥር ፀሐይዋ ብርቱ ስለ ሆነች ባትሪው ረፋዱ ላይ ሊሞላ ይችላል፤ ያን ጊዜ መቈጣጠሪያው ይዘጋል፤ ፓኔሉም ያለ ሥራ ይውላል፤ ጥምርታው ዝቅ ይላል። በሐምሌ ባትሪው የተራበ ስለ ሆነ የመጣለትን ሁሉ ይቀበላል፤ ጥምርታው ከፍ ይላል። ቀመሩን ብቻ የሚያነብ ሰው ሶላሩ በክረምት ተሻለው ብሎ ይጽፋል፤ ቤተ ሰቡ ግን በዚያው ወር በጨለማ ያመሻል።

አንባቢ ይህን ከአክስቴ ታሪክ ጋር ያስተያይልኝ። በሁለቱም ዘንድ «በበጋ ደከመ፣ በክረምት በረታ» የሚል ቃል ተነግሯል። በአክስቴ ቤት የደከመው በእርግጥ መብራቱ ነበር፤ በቀመሩ ዘንድ ግን መብራቱ ደኅና ሆኖ ቍጥሩ ብቻ ይወርዳል። የፓኔሉ ቍጥርና የምሽቱ ሰዓት ጐን ለጐን ካልተጻፉ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለይቶ ማወቅ አይቻልም። ሲሳሳቱም ጤነኛው ዕቃ ይጣላል፣ በሽተኛው ይቀመጣል፣ ገበሬውም የማያስፈልገውን ባትሪ ይገዛል።

ነገሩን መሣሪያ ራሱ ይከታተለዋል የሚሉ አሉ። እርግጥ ነው፤ ለምሳሌ በኬንያ ኤም-ኮፓ የተባለው ኩባንያ ከ2012 ጀምሮ በዱቤ በሸጣቸው ሶላሮች ውስጥ ሲም ካርድ ስላለ የዕቃው ሁኔታ በስልክ መረብ ወደ ኩባንያው ይደርሳል፤ ክፍያ የተቋረጠበትንም ከሩቅ መዝጋት ይቻላል። ይህ ለጥገና ሊጠቅም እንደሚችል አልክድም። ነገር ግን ዕውቀቱ በመጀመሪያ የሚደርሰው ለሻጩ ነው። የከተማው ቈጣሪ የተሰቀለው ሒሳብ ለመጠየቅ እንደ ሆነ ሁሉ፣ ይኸኛውም የተሠራው በመጀመሪያ ደረጃ ለአበዳሪው ነው። ባለቤቱ «ዕቃዬ እንደ ተሸጠልኝ ይሠራልን?» ብሎ የሚጠይቅበት ቈጣሪ ገና አልተሰቀለም።

ገበሬ መዝገብ ሊይዝ አይችልም የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። በዚህ አልስማማም። በየመንደሩ የዕድር ጸሐፊ ማን እንደ ከፈለ፣ ማን እንዳልከፈለ፣ ድንኳኑና ብረት ድስቱ በማን ቤት እንዳለ ያለ ኢንጂነር ምክር ለብዙ ዓመታት መዝግቦ ኖሯል። ዕቁብም የሚቆመው በመዝገብና በመተማመን ነው። ብረት ድስቱን የሚመዘግብ መንደር መብራቱን ለመመዝገብ አያንስም።

የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። በእያንዳንዱ ቤት በየምሽቱ አንድ መስመር ይጻፍ፤ መብራቱ በስንት ሰዓት ጠፋ? ራሱ ጠፋ ወይስ ሰው አጠፋው? ፓኔሉ የተወለወለበት ቀንም ይታከልበት። በወር አንድ ጊዜ፣ ሰማይ በጠራበት ቀትር፣ ቴስተር ያለው ሰው ፓኔሉን ከባትሪው ነቅሎ የሁለቱን ጫፎች አምፔር ይለካ፤ ይህ ልክ ሙቀት እምብዛም የማይለውጠው፣ ከብርሃኑ ጋር ግን እኩል የሚወጣና የሚወርድ ነው። የዘንድሮው ታኅሣሥ ከአምናው ታኅሣሥ ጋር ሲተያይ ጥላ፣ አቧራ ወይም እርጅና ይገለጣል። አምፔሩ ሳይለወጥ ምሽቱ ካጠረ ግን ጥርጣሬው ወደ ባትሪው፣ ወደ ሽቦው ወይም ወደ አጠቃቀሙ ይዛወራል።

ባሕር ዳር ከ1963 ጀምሮ የፖሊ ቴክኒክ ትምህርት ሲሰጥባት የኖረች ከተማ ናት፤ ዛሬም በዩኒቨርሲቲዋ ብዙዎች ኤሌክትሪክ ይማራሉ። እያንዳንዳችን ለዕረፍት ወደ ቤተ ሰባችን ስንሄድ አንድ ቴስተርና አንድ ደብተር ብንይዝ፣ የሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን ከሌላ አገር ቀመር ይልቅ የራሳችንን ምሽቶች ሊመረምር ይችላል። የአክስቴ ልጅ ደብተር በእጄ ይገኛል፤ ለማየት ለሚፈልግ መምህርም ሆነ ተማሪ ለማሳየት ዝግጁ ነኝ። በዚህ ጽሑፍ የተሳሳትሁት ቢኖርም በሚቀጥለው እትም እንዲታረምልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።