ገመዱ እባብ መስሎ ሲሳብ



ሲኒማ አዲስ አበባ በገባበት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሕዝቡ ያወጣለት ስም «የሰይጣን ቤት» የሚል ነበር። ዛሬ ይህን ስም ስንሰማ ፈገግ እንላለን። ይሁን እንጂ እነዚያ ሰዎች በፍርዳቸው ቢቸኩሉም በጨርቅ ላይ የሚሮጥ ጥላ የሰውን ልብ ይዞ የመሄድ ኃይል እንዳለው አልሳቱም። እኛ ግን ልባችን ወዴት እንደተወሰደ መጠየቁን ትተናል።

በዊንጌትም ሆነ በሌሎቹ የከተማችን ሰፈሮች የቪዲዮ ቤቶችን ዘመን የምታስታውሱ አትጠፉም። ጨለማ ክፍል፣ ረጅም አግዳሚ፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ በራምቦና በኮማንዶ የፈዘዘ ሕፃንና ጎልማሳ! የዐስር አዛን በአቅራቢያው ሲሰማ ስንቱ ተነሳ፣ ስንቱስ «ይህቺ ትለቅና» እያለ ቆየ? ያ ዘመን አለፈ፤ ፊልሙ ግን ከአግዳሚው ተነስቶ በእጅ ስልክ ኪሳችን ገባ።

ለመሆኑ ከዓለም ፊልም ሁሉ የጥይትና የጭራቅ ፊልም እንዲህ የገነነብን ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ቋንቋ ነው። ምክር፣ ኀዘንና ጸጸት በቃል የሚነገሩ ናቸውና አስተርጓሚ ይሻሉ። ቡጢና ፍንዳታ አስተርጓሚ አይሹም። ስለዚህ ባሕር ተሻግሮ ሳይጎድል የደረሰን ቡጢው ሆነ። ዛሬ በአማርኛ የሚተረኩ ፊልሞች ቢበዙም ያ ጣዕም አብሮን አድጓል።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገኖች አሉ። አንዱ «ሁሉንም ዝጋው» ይላል፤ ሌላው «ፊልም እኮ ነው፣ ምን አለበት?» ይላል። ሁለቱም ሳይመረምሩ የሚያልፉ ናቸው። የሑክሙን ነገር ለዑለማዎቻችን ትተን እኛ ሥራዎቹን እንመርምር።

በመጀመሪያ ለጥበቡ ተገቢውን ክብር እንስጥ። ብርሃን ከነገሮች ተነስቶ ወደ ዓይን እንደሚመጣ ያስረዳው፣ በጠባብ ቀዳዳ ወደ ጨለማ ክፍል የሚገባን ብርሃን የመረመረው በ11ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሙስሊም ሊቅ ኢብኑል ሀይሠም ነው። የካሜራ ጥበብ እንግዳችን አይደለም። ጥያቄው ጥበቡ ምን ያገለግላል የሚለው ነው።

ስፒልበርግ በ1993 (እ.ኤ.አ.) የሠራውን «ጁራሲክ ፓርክ» ተመልከቱ። ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ ጥንታውያኑ አውሬዎች ግን የሚታዩት ወደ 15 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ገሚሱ በማሽን የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት፣ ገሚሱ የኮምፒዩተር ሥዕል ነው። በቀረው ጊዜ ሰዎች ይከራከራሉ፤ ማድረግ የምንችለውን ሁሉ ማድረግ ይገባናልን? እያሉ። እዚህ ላይ ተአምር መሳዩ ሥራ እንደ ጨው ነው፤ ወጡን ያጣፍጣል እንጂ ወጡን አይተካም።

በ1954 (እ.ኤ.አ.) ጃፓናዊው ኢሺሮ ሆንዳ የሠራው «ጎድዚላ» ደግሞ ከዚህ ይልቃል። ጭራቁ የጎማ ልብስ የለበሰ ሰው ነው፤ ሕፃን እንኳ ሊስቅበት ይችላል። ነገር ግን በዚያው ዓመት መጋቢት ወር አሜሪካ በቢኪኒ ደሴቶች በሞከረችው ቦምብ የጃፓን ዓሣ አጥማጆች ተመርዘው ነበር፤ ከሂሮሺማም 9 ዓመት ብቻ አልፎ ነበር። ጭራቁን ከባሕር የቀሰቀሰው ያው ቦምብ ነው። ፊልሙ ከተማው ከፈረሰ በኋላ ቁስለኞች ወደ ሞሉት ሆስፒታል ይገባል፤ ያለቀሱትን ያሳየናል። ሟች አልቃሽ አለው።

አሁን ወደ 1994 (እ.ኤ.አ.) እንምጣ። ጄምስ ካሜሮን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ በአርኖልድ ሽዋርዜኔገር መሪነት «ትሩ ላይስ»ን ሠራ። በዚህ ፊልም ጭራቆቹ ዐረቦች ናቸው፤ የቡድናቸው ስም ውስጥ «ጂሃድ» የሚል ቃል ተሰክቷል። የአቶሚክ ቦምቡም ይፈነዳል! ግን በጎድዚላ ሕዝብን ያስለቀሰው ያ እሳት እዚህ ባልና ሚስት ሲሳሳሙ ከጀርባቸው የሚታይ ጌጥ ሆነ። የጠላቱ አለቃ በሚሳይል ላይ ተንጠልጥሎ ሲተኮስ ተመልካቹ እንዲስቅ ይጋበዛል። ሟቾቹ ስም የላቸውም፤ እናትም የላቸውም። በአሜሪካ ያሉ ዐረቦችና ሙስሊሞች ሲቃወሙ በፊልሙ መጨረሻ ላይ ልብ ወለድ እንደሆነና ማንንም ሃይማኖት እንደማይወክል የሚገልጽ ጽሑፍ ተጨመረ። እስቲ ፍረዱ! ስድቡ በሥዕል፣ በሙዚቃና በፍንዳታ ተነገረ፤ ይቅርታው በእንግሊዝኛ ፊደል በጅራቱ ተለጠፈ። በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ማን አነበበው?

ነገር ግን ወቀሳችንን ሌላው ላይ ብቻ ጭነን አንለፍ። ሶሪያዊው ተወላጅ ሙስጠፋ አቃድ በ1976 (እ.ኤ.አ.) ስለ እስልምና አጀማመር «አር-ሪሳላ»ን ሠራ። የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መልክም ድምፅም በፊልሙ የለም፤ ታላቁን ነገር ባለማሳየት አከበረው። ከ2 ዓመት በኋላ ግን ያው ሰው ባለ ጭምብል ነፍሰ ገዳይ ወጣቶችን እያደነ የሚያርድበትን «ሃሎዊን»ን ካዘጋጁት አንዱ ሆነ። በኅዳር 2005 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በዐማን ሆቴሎች ላይ በተጣለ የአጥፍቶ ጠፊዎች ጥቃት ከልጁ ጋር ሞተ። ገዳዮቹ በእስልምና ስም የሚናገሩ ነበሩ። የአላህን መልእክት ለዓለም ያሳየውን ሰው የገደሉት እኒህ ናቸው! እንግዲህ የካሜሮን ፊልም ሕዝባችንን በሙሉ ጭራቅ ማድረጉ ሐሰት ነው፤ ከመካከላችን የሰውን ስምና እናት ረስቶ የሚገድል የለም ማለትም ሐሰት ነው። የሁለቱም በሽታ አንድ ነው፤ ሟቹን አለመቁጠር።

ውድ አንባቢያን! በሱረቱ ጣሃ የተነገረውን የፊርዐውንን ደጋሚዎች ታሪክ አስተውሉ። ገመዳቸውና በትራቸው የሚሳብ እስኪመስል ድረስ ሙሳ (ዐ.ሰ.) እንኳ በውስጣቸው ፍርሃት ተሰማቸው። ስለዚህ ልጆቻችን በሥዕል ጭራቅ ቢደነግጡና ቢማረኩ አንሳቅባቸው። ደግሞም እውነቱ ሲመጣ ፈጥነው ሱጁድ የወረዱት እነዚያው ደጋሚዎች ነበሩ። የማታለል ጥበብ የት ላይ እንደሚያልቅ ከባለሙያው በላይ ማን ያውቃል?

መድኃኒቱም ከዚሁ ይገኛል። ልጃችሁ ስልኩ ላይ ተደፍቶ ስታገኙት ከመንጠቃችሁ በፊት አጠገቡ ተቀመጡ። ጎማው፣ ማሽኑና ኮምፒዩተሩ ጭራቁን እንዴት እንደሠሩት ንገሩት፤ የገመዱን አሠራር ያወቀ እባብ ነው ብሎ አይታለልም። ቀጥላችሁም ጠይቁት፦ ስንት ሰው ሞተ? ስማቸው ማን ነበር? ማንስ አለቀሰላቸው? መመለስ ያቃተው ቀን ፊልሙን ራሱ መመዘን ይጀምራል። ያን ጊዜ አዛን ቢሰማ ስልኩን የሚያስቀምጠው በእናንተ ቁጣ ሳይሆን በራሱ ልብ ይሆናል፤ ኢንሻአላህ።

አላህ (ሱ.ወ.) እውነትን እውነት አድርጎ አሳይቶ የምንከተለው፣ ሐሰትንም ሐሰት አድርጎ አሳይቶ የምንርቀው ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።